ጥርስ የሚሞላው በደረቁ ነው

ጥርሱ የተበሳ ሰው ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን ሕመሙ እስኪብስ ድረስ እንታገሣለን። እንቅልፍ ሲነሣን እናስነቅላለን። የተነቀለ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ሕፃን ልጅ የወተት ጥርሱ ቢወልቅ ሌላ ይተካለታል። ለአዋቂ ሰው ምትክ የለውም። መንጋጋው የጎደለ ሰው ቆሎ መቆርጠም፣ ጥሬ መብላት፣ ሥጋ ማላመጥ ያቅተዋል። ምግቡን ሳያደቅ ይውጣል።

ዛሬ ብዙ የተበሱ ጥርሶች ሳይነቀሉ ሊድኑ ይችላሉ። ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ያወጣና ቀዳዳውን ይሞላዋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ አሞላል ይናገራል። በተለይም ጥርስ በሚሞላበት ጊዜ ለምንና እንዴት እንደሚደርቅ ያስረዳል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የተሞላው ጥርስ ለብዙ ዓመት ማገልገሉ ወይም በጥቂት ወራት መውለቁ በዚህ ይወሰናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

1. ጥርስ እንዴት ይበሳል?

ጥንት አባቶቻችን «ጥርሴን ትል በላው» ይሉ ነበር። አሁንም እንዲህ የሚል ሰው አለ። በጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ግን አሉ። እነዚህ ጀርሞች በጥርስና በጥርስ መካከል፣ በመንጋጋ ጥርስም ስንጥቅ ውስጥ ይኖራሉ። ስኳር፣ ከረሜላ፣ ጣፋጭ ሻይ በወሰድን ቁጥር እነሱም ይመገባሉ። ከተመገቡ በኋላ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የጥርስን ቅርፊት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

የጥርስ ቅርፊት በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የበለጠ ጠንካራ ነው። ከአጥንትም ይጠነክራል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ግን ለስላሳ ነው። ጀርሞቹ ቅርፊቱን ከበሱ በኋላ ውስጡን ቶሎ ያበሰብሱታል። በመጨረሻም ነርቭና ደም ሥር ወዳለበት ወደ እምብርቱ ይደርሳሉ። ሌሊት የሚያስለቅሰው ሕመም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ቀዳዳው ትንሽ ሳለ መሙላት ቀላል ነው። ሕመሙም ጥቂት፣ ወጪውም ጥቂት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

2. ከአገር ቤት ወደ አራዳ

አራዳ የአዲስ አበባ የጥንት እምብርት ነው። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ይገኛል። ቀድሞ የከተማይቱ ትልቅ ገበያ የሚቆመው በዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከየአውራጃው የመጣ ገበሬ እህሉን፣ ቅቤውን፣ ማሩን ይዞ የሚሰበሰበው በአራዳ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሆነ። ፒያሳ የሚለውም ስም ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። አደባባይ ማለት ነው።

ዘመናዊ ሕክምናም በአገራችን ከቀደመባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ከተማ ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አክመዋል። በኋላም ከአራዳ በስተ ምሥራቅ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ለጥርስ ሕመም ግን ለብዙ ዘመን የነበረው መድኃኒት ጉጠት ነበር። የታመመው ጥርስ ይነቀላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ለረጅም ጊዜ የታወቀች ናት። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ተለውጧል። ቢሆንም ከሰላሌም ከጎጃምም የሚመጣ መንገደኛ አሁንም በአዲሱ ገበያ አድርጎ ወደ ፒያሳ ይወርዳል። ጥርሱን የታመመ ሰውም ወደ ከተማ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ እንውሰድ። በግ ሸጦ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ዘመድ ቤት አድሮ ጥርሱን አስሞላ እንበል። በሦስተኛው ወር ሙሊቱ ቆሎ ሲቆረጥም ወለቀች። ሰውየው ምን ይላል? «ድሮም ማስነቀል ነበር የሚሻለኝ» ይላል። ሌላ ጊዜም ሐኪም ቤት አይሄድም። ለጎረቤቱም «አትድከም» ብሎ ይመክራል። የአንድ ሙሊት መውለቅ የበግ ዋጋ ያስከፍላል፤ የብዙ ሰውንም ጥርስ ያስነቅላል። ስለዚህ ሙሊት ለምን እንደሚወልቅ ማወቅ ለገበሬው ይጠቅመዋል።

3. ምራቅ ወዳጅ ነው

ሙሊትን ከሚያስወልቁት ነገሮች አንዱ ምራቅ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ ለምራቅ ምስክርነት መስጠት ይገባል። ምራቅ ለጥርስ ትልቅ ወዳጅ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ያጥባል። ጀርሞች የሠሩትን አሲድ ያበርዳል። አሲዱ ከቅርፊቱ ያሟሟውን ማዕድን በመጠኑ ይመልሳል። አፉ ሁልጊዜ የሚደርቅበት ሰው ጥርሱ ቶሎ ይበሳል።

የአንድ ሰው አፍ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉ። የመጀመሪያው በጆሮ ፊት ለፊት ያለው ነው። ልጆች ጆሮ ደግፍ ሲይዛቸው የሚያብጠው እሱ ነው። የዚህ ዕጢ ቦይ የሚከፈተው በጉንጭ ውስጥ፣ ከላይኛው ሁለተኛ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ዕጢዎች ከታችኛው መንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። የእነሱ ቦዮች ምላስ ሥር ይከፈታሉ።

ሎሚ ስታስቡ አፋችሁ ውሃ ይሞላል። ምላሳችሁን አንሥታችሁ በመስታወት ብትመለከቱ ከምላስ ሥር ምራቅ ሲመነጭ ታያላችሁ። የምንጩን ቦታ ልብ በሉ። ሐኪሙ ጥጥ የሚያስቀምጠው በዚያው ቦታ ነው።

4. ወዳጁ ለግማሽ ሰዓት ጠላት ሲሆን

ማንም ገበሬ በሐምሌ ዝናብ እየወረደ የቤቱን ግድግዳ አይመርግም። ጭቃው ሳይዝ ታጥቦ ይሄዳል። ምንጭ የሚያጎለብት ሰውም አስቀድሞ ቦይ ቀዶ ውሃውን ወደ ጎን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በደረቁ ይገነባል። ጥርስ መሙላትም እንዲሁ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የመኪና ወይም የቢስክሌት ከመነዳሪ ሲተነፍስ ጎሚስታ ዘንድ ይወሰዳል። ጎሚስታው የተበሳውን ቦታ በመጀመሪያ ይፈገፍገዋል። ከዚያም ጠርጎ ያደርቀዋል። ማስቲሽ ይቀባና ይለጥፈዋል። ውሃ ወይም ዘይት ከነካው ጥፈቱ አይዝም። ያን ቀን የያዘ ቢመስልም መንገድ ላይ ይለቃል።

ምራቅ ውሃ ብቻ አይደለም። የሚያዳልጥ ነገርና ጀርም አለበት። በተጠረገው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ስስ ዘይት ግድግዳውን ይሸፍነዋል። ሙሊቱ በዚህ ላይ ሲደረግ ከጥርሱ ጋር አይዋሐድም። በመካከል በዓይን የማይታይ ክፍተት ይቀራል። ጀርሞች በዚያ ክፍተት ይሾልካሉ። ከሙሊቱ ሥር ሆነው ጥርሱን እንደገና ያበሰብሱታል። ከላይ ደኅና የሚመስል ሙሊት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ደምም እንዲሁ ያበላሻል። ድዱ የቆሰለ ሰው በትንሽ ንክኪ ይደማል። እንዲያውም ትንፋሽ ራሱ እርጥበት አለው። በመስታወት ላይ ስትተነፍሱ የሚታየው ጉም ያንን ያመለክታል።

5. መሙያው ምንድን ነው?

ጥርስ የሚሞላባቸው ነገሮች ልዩ ልዩ ናቸው። እርጥበትን የሚፈሩትም በተለያየ መጠን ነው።

የመጀመሪያው አማልጋም ይባላል። መልኩ ግራጫ ነው። ከብር፣ ከቆርቆሮ ማዕድን፣ ከመዳብና ከሜርኩሪ ይሠራል። ጠንካራ ነው፤ ለብዙ ዓመት ይቆያል። እርጥበትን ከሌሎቹ ይልቅ ቢችልም ምራቅ ሲደባለቅበት ይደክማል። ዚንክ ያለበት አማልጋም ደግሞ ምራቅ ከነካው ከቀናት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ሜርኩሪ አካባቢን ስለሚበክል አገሮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በጃፓን በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት አጠቃቀሙን እየቀነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ኮምፖዚት ይባላል። የጥርስን መልክ ይመስላል። እርጥበትን አጥብቆ የሚፈራው ይህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥርሱን በአሲድ ዝልግልግ ለጥቂት ሴኮንድ ይቀባዋል። አሲዱ ልክ እንደ ጎሚስታው ሞረድ ቅርፊቱን ያሻክረዋል። ከዚያም በውሃ ይታጠባል፤ በአየር ይደርቃል። የደረቀው ቅርፊት እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ ማጣበቂያ ይቀባል። ሙሊቱም በስሱ በስሱ እየተደራረበ፣ በሰማያዊ ብርሃን እየተመታ ይጠነክራል። ቅርፊቱ ከነጣ በኋላ ምራቅ ለአንድ አፍታ እንኳ ቢነካው ሥራው ይበላሻል። ሐኪሙ እንደገና ማጽዳትና ማድረቅ አለበት። ድርቀቱም ልክ አለው። የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ከመጠን በላይ ከደረቀ ያማል፤ ማጣበቂያውም በደንብ አይይዝም።

ሦስተኛው ግላስ አዮኖመር ይባላል። በእንግሊዝ አገር ተፈልስፎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለ ነው። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር እንደ ሊጥ ይለወሳል። ከጥርስ ጋር በራሱ ይጣበቃል። ጥቂት እርጥበት ይችላል። ይሁን እንጂ ገና ሲጠነክር ምራቅ እንዳይነካው በቫዝሊን ወይም በቫርኒሽ ይሸፈናል። የኮምፖዚትን ያህል አይጠነክርም፤ ጥርስን የሚያጠነክር ፍሎራይድ ግን ይሰጣል።

ቅርንፉድም በዚህ ሥራ ላይ አለ። ከቅርንፉድ የሚወጣው ዘይት ከዚንክ ዱቄት ጋር ተለውሶ ለጊዜው የሚቆይ ሙሊት ይሆናል። ሕመምንም ያስታግሣል። እናቶቻችን በታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። የቅርንፉድ ዘይት የኮምፖዚትን መጠንከር ስለሚያውክ ጥርሳችሁ ላይ ምን እንዳደረጋችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቤንዚንና የባትሪ ውሃ ግን በፍጹም ጥርስ ላይ አይደረግም። ድድንና ምላስን ያቃጥላል።

6. ሐኪሙ ጥርሱን የሚያደርቀው እንዴት ነው?

ሀ. በጥጥ

ተጠቅልሎ እንደ ጣት የተዘጋጀ ጥጥ አለ። የላይኛው ጥርስ ሲሞላ ጥጡ በጉንጭና በድድ መካከል፣ የምራቁ ቦይ ከሚከፈትበት ላይ ይቀመጣል። የታችኛው ጥርስ ሲሞላ አንዱ በጉንጭ በኩል፣ ሌላው በምላስ በኩል ይደረጋል። ጥጥ ርካሽ ነው፤ በየትም ይገኛል። ነገር ግን ቶሎ ይርሳል። የራሰ ጥጥ ካልተለወጠ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ ደጋግሞ ሲለውጥ አትሰልቹ። ጥጡ ደርቆ ከጉንጭ ጋር ከተጣበቀ ሐኪሙ በጥቂት ውሃ አርሶ ያነሣዋል። እንዲሁ ቢጎተት የአፍን ስስ ቆዳ ይልጣል።

ለ. በመምጠጫ

ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ በምላስ ሥር ይንጠለጠላል። ሹ ሹ የሚል ድምፅ አለው። የተጠራቀመውን ምራቅና የመሰርሰሪያውን ውሃ ይስባል። መሰርሰሪያው ጥርሱን እንዳያግለው ውሃ ይረጫል። ውሃው ብዙ ስለሆነ ወፍራም ቱቦ የሚይዝ ረዳት ሊኖር ይችላል።

ሐ. በላስቲክ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ስስ ላስቲክ በስንዝር የሚለካ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል። በላዩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳበታል። ቀዳዳው በሚሞላው ጥርስ ላይ ይጠልቃል። አንዲት የብረት መቆንጠጫ ጥርሱን አንገቱ ላይ ትይዘዋለች። ላስቲኩ በአፍ ፊት በፍሬም ይወጠራል። ያን ጊዜ የሚታየው የታመመው ጥርስ ብቻ ነው። ምላስ፣ ጉንጭ፣ ምራቅ ሁሉ ከላስቲኩ በስተ ጀርባ ይቀራሉ። ጥርሱ በክትር ውስጥ እንዳለ ደሴት ይሆናል።

ላስቲኩ ሌላም ጥቅም አለው። የተሰበረ ሙሊት፣ ትንሽ መርፌ ወይም የአሲድ ጠብታ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ይከላከላል። የጥርስ ሥር ሲታከም ደግሞ በምራቅ ያለ ጀርም ወደ ሥሩ እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ ለሥር ሕክምና ላስቲክ ዋና አስፈላጊ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ላስቲኩን ሲያይ ይደነግጣል። «ልታፈን ነው» ይላል። በአፍንጫ መተንፈስ ስለሚቻል ላስቲኩ አያፍንም። መቆንጠጫዋም ድድን እንዳታሳምም ማደንዘዣ ይሰጣል። ጉንፋን የያዘው፣ አፍንጫው የተደፈነ፣ ወይም ላስቲክ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ግን አስቀድሞ መናገር አለበት።

7. ላስቲኩን ማን ፈለሰፈው?

በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1856 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1864)፣ በኒው ዮርክ ሳንፎርድ ባርነም የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ ጥርስ በወርቅም ይሞላ ነበር። ወርቅ ቤት ያለ ሰው ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ንጹሕ ወርቅ እንደ ቅጠል ከሳሳ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ሲጫን ያለ እሳት ይጣበቃል። የሚጣበቀው ግን ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው። ምራቅ ከነካው እምቢ ይላል።

ባርነም በታችኛው መንጋጋ ላይ የሚመነጨው ምራቅ እጅግ አስቸገረው። ቁራጭ ላስቲክ ወስዶ በመካከሉ በሳው፤ በጥርሱም ላይ አጠለቀው። ምራቁ ቆመ። ባርነም ይህን ፈጠራ ገንዘብ አላተረፈበትም። ለሙያ ጓደኞቹ በነጻ አካፈለ። ከዚያ ወዲህ ከ160 ዓመት በላይ አልፏል። መሙያው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ላስቲኩ ግን አሁንም በሥራ ላይ ነው።

8. መብራት በሌለበት ቦታስ?

ጥርስ የሚሞላው በከተማ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ በታንዛኒያ ገጠር ሐኪሞች መብራትና መሰርሰሪያ የማይፈልግ አሞላል ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ዓ.ም. የዓለም ጤና ቀን ሲከበር ይህንኑ ዘዴ ለአገሮች አስተዋወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚው በጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሐኪሙ የበሰበሰውን በትናንሽ የእጅ መሣሪያዎች ፍቆ ያወጣል። ጥርሱን በጥጥ ያጥርና በጥጥ ያደርቃል። ግላስ አዮኖመር ለውሶ ይሞላል። ጓንት ያደረገውን ጣቱን ቫዝሊን ቀብቶ ሙሊቱን ይጫነዋል። ብዙ ጊዜ መርፌ እንኳ አያስፈልግም።

በዚህ ዘዴ መምጠጫ የለም፤ ላስቲክም የለም። ያለው ጥጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥጡን በጊዜው መለወጥ የሥራው ሁሉ መሠረት ይሆናል። ይህም የሚያሳየን መሣሪያው ቢያንስም ጥንቃቄው ማነስ እንደሌለበት ነው።

9. የታካሚው ድርሻ

ጥርስ መሙላት የሐኪም ሥራ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ታካሚውም ይሠራል። የሚከተሉትን ልብ በሉ።

- ከመሄዳችሁ በፊት ጥርሳችሁን በመፋቂያ ወይም በብሩሽ አጽዱ። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ ይሆናል። ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ተናገሩ። ሐኪሙ በመጀመሪያ ድዱን አጽድቶ፣ ጥርሱን ለጊዜው ደፍኖ፣ ሌላ ቀን ሊቀጥራችሁ ይችላል። ቀጠሮው ሥራው እንዲያምር ነውና አትከፉ።
- ወደ ክሊኒክ ስትገቡ የሥራ ፈቃዱን በግድግዳው ላይ ፈልጉ። ማንበብ ትችላላችሁና አንብቡት። ዋጋውንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ፣ ሴትም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
- አፋችሁን ከፍታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ምላሳችሁ ጥርሱን እንዲዳስስ አትፍቀዱለት። ምላስ መዳሰስ ይወዳል፤ ግን ምራቅ ይዞ ይመጣል።
- ቢያማችሁ ወይም ማረፍ ብትፈልጉ አትናገሩ፤ አፍም አትዝጉ። እጃችሁን አንሡ። ሐኪሙ ያቆማል። ይህን ምልክት ሥራው ሳይጀመር ተስማሙበት።
- «ትፋ» ሳትባሉ አትትፉ። ምራቁን ቱቦው ይስበዋል።
- ጥጡ የራሰ መስሎ ከታያችሁ በእጃችሁ ማመልከት ነውር አይደለም። «ዶክተር፣ ምራቅ ሞላብኝ» ብሎ ማስታወቅም ነውር አይደለም።

10. ከተሞላ በኋላ

ከንፈርና ጉንጭ ከደነዘዙ መደንዘዙ እስኪለቅ ድረስ አትብሉ። ጉንጫችሁን ሳታውቁት ልትነክሱ ትችላላችሁ። ልጆችንም በዚህ ጠብቁ። አማልጋም የተሞላ ሰው ለ24 ሰዓት በዚያ ጥርስ ጠንካራ ነገር አይቆርጥም። ግላስ አዮኖመር የተሞላ ሰው ቢያንስ ለ1 ሰዓት ምንም አይብላ። ኮምፖዚት በብርሃን ወዲያው ስለሚጠነክር ይህን ያህል መቆየት አያሻውም።

ሁለቱን መንጋጋ ስትገጥሙ ሙሊቱ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ከፍ ያለ ሙሊት ይሰበራል፤ ጥርሱንም ያሳምማል። ሞርዶ ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ቀን ቢያንዘርዝራችሁ አትስጉ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ በተለይም ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ ግን ተመለሱ።

የተሞላ ጥርስም እንደገና ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በተለይም ከመኝታ በፊት ጥርስን ማጽዳት ይገባል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የጥርስን ቅርፊት ያጠነክራል። ስኳርንም መቀነስ ያስፈልጋል።

11. ለቀጠሮ የማይቆይ ሕመም

አንዳንድ ጊዜ የጥርስ ሕመም ነፍስን ያሰጋል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ካቃተ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ገበያ እስኪቆም አትጠብቁ። መግሉ ከጥርስ ወደ አንገት ሲወርድ የአየር መንገድን ሊዘጋ ይችላል።

ትንሽ ቀዳዳ ግን በትንሽ ሥራ ይድናል። በበጋው፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ጊዜ ባገኛችሁ ቀን ጥርሳችሁን አስመርምሩ። ልጆቻችሁንም አስከትሉ። ሐኪሙ ጥጥ ሲያስቀምጥ ወይም ላስቲክ ሲወጥር ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ላላወቁት አስረዱ።

ጥያቄዎች

1. ጥርስን የሚበሳው ምንድን ነው? «ትል በላው» ማለት ለምን ስሕተት ሆነ?
2. ምራቅ ለጥርስ የሚሰጠውን ጥቅም ሁለቱን ተናገሩ።
3. ጎሚስታ ከመነዳሪ ከመለጠፉ በፊት ምን ያደርጋል? የጥርስ ሐኪምስ ከመሙላቱ በፊት ምን ያደርጋል? አመሳስሉ።
4. ከሦስቱ መሙያዎች እርጥበትን አጥብቆ የሚፈራው የትኛው ነው? ለምን?
5. የላስቲኩ ጥቅም ምንድን ነው? ላስቲክ በሌለበት ቦታ በምን ይተካል?
6. በአካባቢያችሁ ጥርሱን አስሞልቶ የወለቀበት ሰው አለ? ምን ምክር ትሰጡታላችሁ? ተወያዩበት።